ሩጫው ለካናቴራ ነው ወይስ ለደብተር?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል ያገራችን ሰው። ሰኔ አልቆ ፈተናው ሲያበቃ ግን ሎሚውም ሰውም ይበተናል። ሰልጣኙ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ወላጆቹ፣ መምህሩም ወደየጉዳዩ ይሄዳል። መስከረም ላይ ተገናኝተን «ክረምቱ እንዴት ነበር?» ሲባል መልሱ «ዝናብ ነበር» ነው። እንዴ! ዝናቡንማ ማን አጣው?

በዚህ ጸሐፊ እምነት ክረምት ሰውነትን ማጠንከሪያም ወገንን መርጃም ሊሆን ይገባል፤ ሁለቱንም ባንድ ላይ መሥራት ይቻላል።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያሻም። በአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ አነሳሽነት «ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ» ለመጀመሪያ ጊዜ ኅዳር 1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ አሥር ሺህ ሰው 10 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ከፊት አትሌቱ ይሮጣል፤ ከኋላ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ የቤት እመቤቷ እየሳቁ ይከተላሉ። በሩጫው ሰበብም ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ይሰበሰባል። ሩጫ የአሸናፊ ብቻ አለመሆኑን ሕዝቡ ያየው በዚህ ነው።

«የኛ አገር ክረምት ጭቃ ነው፤ ገበሬውም ሥራ ላይ ነው» የሚል ይኖራል። ግማሹ እውነት ነው። በሐምሌና በነሐሴ የአርማጭሆ ገበሬ አረም ላይ ጎንበስ ብሎ ይውላል፤ እሱን ከማሳው ጠርቶ አስጨብጭብልን ማለት ነውር ነው። ታዲያ እሱ ካልመጣ እኛ ለምን አንሄድም? ወንፈልና ደቦ የቆየ ባህላችን ነው። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ወንፈል ብድር አለው፣ ደቦም እንጀራና ጠላ ይፈልጋል። ጉልበት የከዳት፣ ጎተራዋ የተራቆተ ባልቴት ሁለቱንም አትችልም። ሃያ ሰልጣኝ ቆሎውን በኪሱ ይዞ አንድ ጧት ማሳዋን ቢያርምላት፣ የሚያፈሰውን ቤቷን ቢከድንላት፣ ከዚህ የበለጠ ምን ጂምናስቲክ አለ? ወገብ የሚፈተነው እዚያ ነው!

ሩጫውም ይኑር እንጂ መልኩን ይለውጥ። አንዳንድ ቦታ የሚታየው ካናቴራ ለብሶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ሻይ ጠጥቶ መበተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ቴሪ ፎክስ የተባለ ካናዳዊ ወጣት አንድ እግሩን በካንሰር አጥቶ፣ በሰው ሠራሽ እግር ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ አገሩን ሊያቋርጥ ተነሳ። 143 ቀን ሮጦ 5,373 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ በሽታው አገረሸበትና አቆመ፤ በማግሥቱ ዓመት በ22 ዓመቱ አረፈ። በስሙ ግን ዛሬም በብዙ አገር ይሮጣል። ያን ሩጫ ያኖረው ዓላማው ነው።

የኛስ ዓላማ ምን ይሁን? መልሱ ከፊታችን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ብዙ ልጅ ከትምህርት ገበታ ርቋል። የሚመለሰው ልጅ ደግሞ ደብተር ገዝቶ ለመመለስ ይቸገራል። ነገ እኛ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው እሱ ነው። ባዶ እጁን ከመጣ ምን ላይ ሊጽፍ ነው?

ስለዚህ ሐሳቤ ይኸውላችሁ። ከመበተናችን በፊት በአንድ ጧት ከትክልድንጋይ ሕዝብ ጋር አጭር ሩጫ ይዘጋጅ፤ ደካማው በእግሩ ይሂድ፣ አንደኛ የሚባል አይኑር። መግቢያው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይሁን። መንገዱንና ሰዓቱን አስቀድመን ከአገር ሽማግሌዎች ጋር እንምከር፤ ጸጥታው አስተማማኝ ካልሆነ ግቢያችን ውስጥ ይሁን። ለቡሄ ልጆች ሙልሙል ሲለምኑ፣ እኛም በየሰፈራችን ለደብተር «ሆያ ሆዬ» ብንል ማን ይከፋዋል? የተሰበሰበውን መምህርና ሰልጣኝ አብረው ይቁጠሩት፤ ቁጥሩም ለማን እንደተሰጠም በዚሁ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሒሳቡ ያልታየ በጎ አድራጎት ሐሜት ይወልዳልና።

መምህርነት በጥቁር ሰሌዳ ፊት ብቻ አይጀምርም። መስከረም ላይ «ክረምቱ እንዴት ነበር?» ስንባባል፣ ከዝናቡ ሌላ የምንናገረው ይኑረን።