ጥቁር አዝሙዳችንና የቦሌው ናን

የህንድ ምግብ ቤት ኪስ ያራቁታል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ባለቤቴን ይዤ ቦሌ አንድ ዘመናዊ ቤት ለእራት የከፈልኩትን ለባሌ ሮቤ ጎረቤቶቼ ትንፍሽ አላልኩም። ግን አስተናጋጁ ትኩሱን ናን ሲያስቀምጥ፣ በቅቤ ወዝቶ እዚህም እዚያም ባበጠው ቂጣ ላይ የተነሰነሰው ጥቁር አዝሙድ ነበር። እኛ ከአብሽና ከድንብላል ጋር በጆንያ የምንሸጠው! የባሌዎቹ ጊኒርና ጎሮ በእነዚህ ቅመሞች ይታወቃሉ፤ የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከልም የተሻሻሉ ዝርያዎችን አውጥቶላቸዋል።

እኛ ቤት ጥቁር አዝሙድ በርበሬ ውስጥ ተፈጭቶ ይጠፋል። ህንዶቹ ፍሬውን እንዳለ ከላይ ነስንሰው ያስከፍሉበታል። አይፈረድባቸውም።

እኛ ጋ ግን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ሊያይ የመጣ እንግዳ ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ አይቶ ጎባ ሲያድር በአብዛኛው የሚቀርብለት ፓስታ በስጎ ነው (ስጎውንስ አልጠላም)። የሐረና ማር፣ የገብስ ጩኮ፣ ምስር በአገሩ ድንብላል ለምን በሆቴሎቻችን ሜኑ ላይ አይገቡም? ባለሀብቶቻችን ሌላ ፎቅ ከመጨመራቸው በፊት አንዲት ጎበዝ ወጥ ሠሪ ይቅጠሩ፤ ደመወዟንም አይሰስቱባት።