ቃሉን ይዞ ምሥጢሩን መጣል

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. የአሜሪካ የሰላም ጓድ በምዕራብ አፍሪካ ወደምትገኘው ወደ ጋና አስተማሪዎችን ላከ፤ በተከታዩም ዓመት ከ270 የሚበልጡ ወደ አገራችን መጡ። ባሕር ተሻግረው የሰውን ልጅ ለማስተማር መድከማቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን «እንግሊዝኛን ለማስተማር እንግሊዝኛን ማወቅ ይበቃል፤ የተማሪው ቋንቋ ከክፍሉ ደጃፍ ይቅር» የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። ይህ ስሕተት ነው።

በሸካ አገር በጌጫ ያለውን ሕፃን እንመልከት። ሸክኖኖን ከእናቱ ጡት ጋር ይጠባል፤ አማርኛን በገበያና በትምህርት ቤት ይለምዳል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት በእንግሊዝኛ ስላደረገው፥ በሁለተኛ ደረጃ ሒሳቡም ሳይንሱም በሦስተኛ ቋንቋ ይመጣበታል። አስተማሪው በሚያውቀው ቋንቋ ካልፈታለት፥ ልጁ ቃሉን ይዞ ምሥጢሩን ይጥላል፤ ፈተና በወደቀም ጊዜ ሰነፍ ይባላል። ሰነፉስ ማን ነው?

«ሌላ መንገድ የለም» የሚለን ቢኖር ወደ ቅኔ ቤት ይምጣ። ግእዝ ዛሬ የማንም አፍ መፍቻ አይደለም። ሆኖም መምህሩ ግሱን በአማርኛ ይፈታል፥ አገባቡን ያስረዳል፤ ተማሪውም ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ ከራሱ ልብ ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፥ ይታረማል። የተዋሰውን ቋንቋ ገንዘቡ የሚያደርገው በመድገም ብቻ ሳይሆን በመፍጠር ነው።

ስለዚህ ከአሜሪካም ይምጣ ከአዲስ አበባ፥ ወደ ጌጫ የሚሄድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ አስቀድሞ የሸክኖኖ ተማሪ ይሁን። ሊሰጥ የመጣ ሰው መቀበልንም ይወቅ።