ሰብሉን የሚጠብቀውን ማን ይጠብቀው?

የክረምቱ ዝናብ ሲቀንስና የማሽላው ዛላ ፍሬ መያዝ ሲጀምር፣ በቆላማ ወረዳዎች የአርሶ አደሩ ኑሮ ከቤት ወደ ማሳ ይዛወራል። ከራያ ቆቦ እስከ ቀወት፣ ከቃሉ እስከ መተማ ባሉ ማሽላ አብቃይ አካባቢዎች ከመስከረም እስከ ኅዳር በየማሳው መሐል ማማ ይቆማል። ቀን ወፍና ዝንጀሮ በወንጭፍና በጅራፍ ይባረራል፤ ሌሊት ከርከሮና ጃርት በጩኸትና በቆርቆሮ ድምፅ ይከለከላል። የዓመቱ ቀለብ ጎተራ እስኪገባ ድረስ ከቤተሰቡ አንድ ሰው፣ አንዳንዴም ሁለት፣ ውሎና አዳሩ እዚያው ከፍታ ላይ ይሆናል።

ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ አረምና ስለ ተባይ በየዓመቱ ይታቀዳል፤ ይገመገማልም። ስለ ማማው የሚጠይቅ ግን የለም። ማማ እንደ እርሻ መሣሪያ አይቆጠርም፤ በላዩ የሚያድረውም ሰው ደኅንነቱ ሊታሰብለት የሚገባ ሠራተኛ መሆኑ ተዘንግቷል። የሰብል ጉዳት በሄክታርና በኩንታል ተለክቶ ሪፖርት ይደረጋል፤ ከማማ ወድቆ ወገቡ የተጎዳ ጠባቂ ግን በግብርናው ሪፖርት ውስጥ ቦታ የለውም። ይህ አሠራር ሊለወጥ ይገባል።

ጥበቃው ራሱ ይቅር ማለት አይቻልም። አንዲት የግሪሳ ወፍ በቀን እስከ 10 ግራም እህል ትበላለች። ይህ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሚሊዮን ወፍ ያለበት መንጋ በአንድ ቀን 100 ኩንታል ያህል ያጠፋል ማለት ነው። መንጋው ሲበዛ መንግሥት በአውሮፕላን ጭምር ኬሚካል ይረጫል። ከዚያ ያነሰውን ወፍ፣ ዝንጀሮውንና ከርከሮውን የሚመልሰው ግን ማማ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ስለዚህ ሊነሳ የሚገባው ጥያቄ ጠባቂው ሳይወድቅ፣ ሳይታመምና ጉልበቱ ሳያልቅ ወቅቱን እንዴት ይጨርስ የሚለው ነው።

የመጀመሪያው አደጋ መውደቅ ነው። የአገሩ ማሽላ ሦስት ሜትርና ከዚያም በላይ ስለሚያድግ ማማውም ከዚያ ከፍ ብሎ ይሠራል። ሥራው የሚጀመረው ግን ብዙውን ጊዜ ወፉ ከመጣ በኋላ ነው። ለአጥር ወይም ለቤት ከተቆረጠው የተረፈ እንጨት ይሰበሰባል፤ አራት ባላ ይተከላል፤ አግዳሚው በልጥ ይታሰራል፤ ወለሉ በቀጭን እንጨት ይረበረባል። እርጥብ ልጥ ሲያስሩት የጠበቀ ይመስላል፤ ሲደርቅ ግን ይላላል። ያልታከመ ባሕር ዛፍ መሬት ውስጥ ሲገባ ምስጥ ፈጥኖ ይይዘዋል። ባለፈው ዓመት የጸናው ምሰሶ ዘንድሮ ከላይ ደህና መስሎ ከሥሩ የተበላ ሊሆን ይችላል።

አፈሩም የራሱ ጠባይ አለው። ብዙው የቆላ ማሽላ የሚዘራበት መረሬ አፈር ውኃ ሲጠግብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በመስከረም መጀመሪያ በእርጥብ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ምሰሶ፣ ጥቅምት ላይ በዙሪያው መሬቱ ተሰንጥቆ ሲነቃነቅ ይገኛል። ጠባቂው አድሮበት የለመደው ማማ ስለሆነ አይጠረጥረውም። ስለዚህ ማማ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ምሰሶው በድንጋይ ተጠቅጥቆ እንደገና መጥበቅ፣ እስሩም በየሳምንቱ በእጅ መፈተሽ አለበት።

ከምሰሶው ርዝመት አንድ አራተኛ ያህሉ መሬት ውስጥ ቢገባ፣ አራቱ እግሮች ከታች ሰፋ ከላይ ጠበብ ብለው ቢቆሙና በመካከላቸው አግድም ሰያፍ እንጨት ቢታሰር ማማው ነፋስን ይቋቋማል። ወይራና ጥድ ባሉበት ምስጥን የተሻለ ይችላሉ፤ ከሌሉም የባሕር ዛፉን ቅርፊት ልጦ ማድረቅ ዕድሜውን ያራዝማል። በልጥ ፋንታ ሽቦ ወይም ጠንካራ የናይለን ገመድ መጠቀም ይቻላል። ወለሉ ሰው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ የሚተኛበት ስፋት ይኑረው። በአራቱም ጎን ደግሞ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ደረት የሚደርስ መከታ ይደረግለት። መውጫው በምሰሶ ላይ የተጠረበ እግር ማሳረፊያ ብቻ ከሚሆን ከማማው ጋር የታሰረ መሰላል ቢሆን ይሻላል። ሌሊት በእንቅልፍ ልብ የሚወርድ ሰው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ በዳሰሳ ማወቅ አለበት።

አንዳንድ ጠባቂ እንዳይወድቅ ወገቡን ከምሰሶ ጋር አስሮ ይተኛል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ገመዱ ግን ከወለሉ ጠርዝ የማያሳልፍ አጭር መሆን አለበት። ረጅም ገመድ የወደቀውን ሰው አየር ላይ አንጠልጥሎ ትንፋሽ ያሳጣዋል። ውኃ፣ ስንቅ፣ ጋቢና ድንጋይ ተሸክሞ መውጣትም አንዱ የመውደቂያ ምክንያት ነው። ሰው በባዶ እጁ ይውጣ፤ ዕቃው በኋላ በገመድ ይሳብ።

ሁለተኛው ጉዳይ ዕረፍት ነው። «ጠባቂ አይተኛም» የሚለው አነጋገር ማሳው ላይ አይሠራም። ቀን ሲጮህ የዋለ ሰው ሌሊት መተኛቱ አይቀርም፤ ልዩነቱ አስቦበት መተኛቱ ወይም ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ መጣሉ ነው። የወደቁት ብዙ ጊዜ ሁለተኛዎቹ ናቸው ቢባል ማንም ጠባቂ አይክድም። መፍትሔውን የሚያሳዩት ራሳቸው እንስሳቱ ናቸው። ወፍ በብዛት የሚበላው ማለዳና ወደ ማታ ገደማ ነው፤ በቀትር ሙቀት ጥላ ይፈልጋል። ዝንጀሮ የቀን እንስሳ ነው፤ ሲመሽ ወደ ገደሉ ይመለሳል። ከርከሮና ጃርት ደግሞ የሌሊት ናቸው። አንድ ሰው ሁሉንም ሰዓት ልያዝ ካለ አንዱንም በደንብ አይዝም።

ማሳቸው የሚዋሰን አራትና አምስት አርሶ አደሮች ለአጨዳና ለውቂያ ወንፈል እንደሚገቡ ሁሉ ለጥበቃም ሊገቡ ይችላሉ። በየማሳው አምስት ደካማ ማማ ከማቆም በመካከል ሁለት ጠንካራ ማማ ማቆም እንጨትም ሰውም ይቆጥባል። ሌሊቱ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ሲነቃ ሌላው ይተኛ፤ የሌሊቱ ተረኛ በቀትር ቤቱ ገብቶ ይረፍ። ወለሉ ላይ ገለባና ሰሌን ይነጠፍ፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ቅዝቃዜው ስለሚበረታ ጋቢ አይቅር። እግርን ጠርዝ ላይ አንጠልጥሎ ሰዓታት መቆየት እግር ያደነዝዛል። የደነዘዘ እግር ይዞ ለመውረድ መነሳት ደግሞ አደጋ ነው። ስለዚህ በየጊዜው ቆም ብሎ ማፍታታት ይገባል።

ሦስተኛው ጉዳይ ጤና ነው፤ በዚህ ላይ የግብርናና የጤና ጽሕፈት ቤቶች አብረው ካልሠሩ መፍትሔ አይገኝም። በአገራችን ወባ በዋናነት የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ይህም የማሽላ ጥበቃው ወቅት መሆኑ ነው። የወባ ትንኝ ከምሽት ጀምሮ ከቤት ውጭም ትናከሳለች። አጎበር የሚታደለው በቤተሰቡ አባላት ብዛት ታስቦ ቢሆንም የሚሰቀለው ግን ቤት ውስጥ ነው። በቤቱ ግድግዳ ላይ የሚረጨው ኬሚካልም ማማ ላይ ላለው ሰው አይደርስም። በመሆኑም ቤተሰቡ በሙሉ በአጎበር ሥር ሲያድር፣ ለቤተሰቡ ቀለብ የሚደክመው አንዱ ሰው ያለ መከላከያ ያድራል። ማማው ጣሪያና አራት ማዕዘን ስላለው አጎበር ለመስቀል አያስቸግርም። በሥሩ የሚጤሰው ኩበት ትንኝን ቢያባርርም እሳቱ ሲጠፋ ጥቅሙ ያበቃል፤ ስለዚህ አጎበርን አይተካም።

በመተማ፣ በቋራና በአካባቢው ደግሞ ካላዛር አለ። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች፤ ቀን በተሰነጠቀ መረሬ አፈርና በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ተሸሽጋ ሌሊት ትወጣለች። በ1997 ዓ.ም በሊቦ ከምከም ወረዳ ወረርሽኙ በታወቀ ጊዜ የተደረገው ጥናት፣ ከቤት ውጭ ማደርንና በግራር ሥር መተኛትን ከበሽታው ጋር አያይዞታል። ስለዚህ ማማን ከግራርና ከኩይሳ አርቆ መሥራት፣ በኬሚካል የተነከረ አጎበርም መጠቀም ተገቢ ነው። ከሁለት ሳምንት የበለጠ ትኩሳት፣ የሆድ ማበጥና መክሳት የታየበት ጠባቂ «ድካም ነው» ብሎ መቆየት የለበትም። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል።

መብረቅም አለ። በመስከረም ከሰዓት በኋላ ደመና ሲከብድ ማማው በሜዳው ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ነገር ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ ጠባቂው ወርዶ ቤት ይግባ፤ ከማማው ሥርም ሆነ ከብቸኛ ዛፍ ሥር አይጠለል። ወፉም በዝናብ አይበላም። እሳት በማማው ወለል ላይ መለኮስ ክልክል መሆን አለበት፤ በኅዳር የደረቀው ክዳንና አገዳ ጠባቂውንም ማሳውንም አብሮ ያነዳል። መሣሪያ ይዞ የሚያድር ሰው ጥይቱን ሳያወጣ አይውጣ፣ አይውረድም። በጨለማ አገዳ ስለተንቀሳቀሰ ብቻ መተኮስም ጎረቤትን ሊያስገድል ይችላል። ከዚህም ሌላ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። የጠባቂው ሥራ ማባረር ነው።

የሕፃናቱ ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባል። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው፤ ማማውም የሚቆመው በመስከረም ነው። ወንጭፍ መወንጨፍ የሚችል ልጅ ሁሉ ለጥበቃ ይፈለጋል፤ ደብተሩ ቤት ይቀራል። ወላጁ ይህን የሚያደርገው ልጁን ስለማይወድ አይደለም፤ አማራጭ ስለሚያጣ ነው። ሆኖም ሌሊት በከፍታ ላይ ማደር በምንም መንገድ የልጅ ሥራ አይደለም። በወንፈል የሚደረግ ተራ ጥበቃ የመጀመሪያ ጥቅሙ ልጆቹን ወደ ክፍላቸው መመለሱ ነው።

«ለሁለት ወር ሥራ ይህን ሁሉ ወጪና ድካም?» የሚል አርሶ አደር አይጠፋም። ቅሬታው መሠረት የለውም አይባልም፤ እንጨት ተወዷል፤ ሽቦና ገመድም በገንዘብ ነው። ነገር ግን ሒሳቡ ሙሉ ይሁን። በአጨዳ ዋዜማ እግሩ የተሰበረ ወይም በወባ የተኛ አባወራ ማሽላውን ከወፍ ቢያድንም አያጭደውም። ለሕክምና የሚሸጠው በሬ ወይም ፍየል ከጥቂት ሜትር ሽቦ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። በደንብ የተሠራ ማማ ደግሞ ተፈትቶ እንጨቱ ከምስጥ ከተጠበቀ ለከርሞም ያገለግላል።

በወረዳ ደረጃ የሚፈለገው አዲስ በጀት ወይም አዲስ ኮሚቴ አይደለም። የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ በነሐሴ የማሳ ጉብኝቱ ላይ «ማማው ተሠራ? ማን ያድራል? ከማን ጋር ይፈራረቃል?» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎችን ይጨምር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አጎበር ስታድልና ስትከታተል ከቤት ውጭ የሚያድረውን ሰው ትጠይቅ። አርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት በሠርቶ ማሳያቸው ላይ ከዘርና ከማዳበሪያው ጎን አንድ መልካም ማማ ያቁሙ፤ አርሶ አደር ከሚነገረው ይልቅ ያየውን ይቀዳል። ርእሰ መምህራን በመስከረምና በጥቅምት የቀሩ ተማሪዎችን ስም ለቀበሌው ያሳውቁ። ቀበሌውም ከማማ ለወደቀ ሰው የሚሆን ቃሬዛ ያዘጋጅ። ወገቡን ያመመውና እግሩ የደነዘዘ ሰው በትከሻ ተሸክመው ከወሰዱት ጉዳቱ ይብሳልና ቀጥ ባለ ቃሬዛ ላይ ተጋድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ጊዜው ነሐሴ ነው፤ ወፉ ከደረሰ በኋላ የሚሠራ ማማ እንደ ልማዱ የጥድፊያ ይሆናል። በየዓመቱ የምርት ግምገማ ላይ «ከብክነት የዳነው ምርት» ተብሎ የሚቀርበው ቁጥር በስተጀርባው በከፍታ ላይ ያደሩ ሰዎች ሌሊቶች አሉበት። ማሽላው ጎተራ ሲገባ ጠባቂውም በጤናው ከማማው ወርዶ ቤቱ ከገባ፣ የዓመቱ ጥበቃ ተሳካ ማለት ያኔ ነው።