ድንኳኑ ሳይነሳ ደብተሩ ተፈለገ

ጎበዝ፣ ለመሆኑ ዛሬ ሰው ሲሞት የሚለቀሰው ለማን ነው? ለሟቹ ወይስ ለካሳው?

በጅማ መንገድ ሰበታን አልፎ ተፍኪ የሚደርስ ሰው የበቾን ሜዳ ያያል። ጥቁር አፈር፣ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ክረምት ሲገባ አዋሽ የሚተኛበት ለጥ ያለ መሬት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ይህን መሬት አይሸጥም አለ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ያንኑ ደገመ። ስለዚህ ገበሬ ለልጁ የሚያወርሰው ማረስን ነበር። እርፍ የጨበጠው ልጅ ይረከባል፣ አለቀ።

ታዲያ የማይሸጠው መሬት እንዴት ዋጋ አወጣ? በካሳ ነዋ! አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለዘለቄታው ለሚነሳ ገበሬ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ ይከፈለው አለ። በ2011 የመጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ 10ሩን 15 አደረገው። ሒሳቡን ልብ በሉልኝ! አያት፣ አባትና ልጅ የኖሩበት መሬት የ15 ዓመት ገቢ ሆኖ በአንድ ቼክ ያልቃል። በሕይወቱ ሙሉ «ባለቤት አይደለህም» የተባለ ገበሬ ሲነሳ ዋጋ ይቆረጥለታል። ማረስ ለሁሉም አይዳረስም፤ ብር ግን ይዳረሳል። እናም እርፍ ነክቶ የማያውቀውም ይመጣል።

መምጣቱስ ባልከፋ። አባቱ ታሞ ሲተኛ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ ያልጠየቀ ልጅ፣ ለለቅሶው በኮንትራት መኪና ቪዲዮ ቀራጭ አስከትሎ ከች ይላል። ለአርባው በሬና የቢራ ሣጥን ያሰላል (ሟቹ ቢራ ይጠጡ እንደነበር እንኳ አያውቅም)። ሠልስት ሳይወጣ ግን ጓዳ ገብቶ «የይዞታ ደብተሩ የት ነው ያለው?» ይላል። የሚጠየቁት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናት ናቸው።

እኚህ ሴት እኮ አርመው፣ አጭደው፣ ወቅተው የኖሩ ናቸው! በጋብቻ ዘመን የተፈራ ሀብት የጋራ ነው ይላል የቤተሰብ ሕጉ። ግማሹ የራሳቸው ነው፣ ውርስ አይደለም። ልጆች የሚካፈሉት የሟቹን ድርሻ ብቻ ነው። ይህን ድንኳኑ ውስጥ ደፍሮ የሚናገር ሽማግሌ የት ሄደ? እድሩስ ወንበሩን ቆጥሮ ከመረከብ ሌላ አፍ የለውም?

ኑዛዜ የሚለው ቃላችን ሁለት ሥራ አለው። ኃጢአትን ለንስሐ አባት መናገርም፣ ሀብትን ለወራሽ ማደላደልም ኑዛዜ ነው። ሁለቱም አልጋ ላይ ሆኖ ይደረጉ ነበር። አሁን የመጀመሪያውን ረሳነው፤ ሁለተኛውን ደግሞ ፈራነው። አባትን «ኑዛዜ ይጻፉ» ያለ ልጅ «ሞቴን ተመኘህ» ይባላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ነገሩን አላከበደውም። በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ የተፈረመ ኑዛዜ ይጸናል። አንዱ ምስክር ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለትም ይበቃሉ።

የእድር ዳኞች በወር መዋጮው ቀን «ከፍለሃል ወይ?» ብለው ሲያበቁ «ተናዘሃል ወይ?» ብለው ቢጨምሩ ምን ይጎድልባቸዋል? ዕለቱን አራት ምስክር እንደሆነ እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነው።