«ድንጋይ ለቃሚ» ብሎ ስድብ የለም!

የጥንት ዓሣ ቅሪተ አካል የሚሰበስበውን አማተር «ሥራ ፈት ድንጋይ ለቃሚ» እያሉ የሚያሾፉ ምሁር ነን ባዮች አሉ። ዕውቀት የባለዲግሪ ርስት ነው ይሉናል። እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ይህን አንቀበልም!

እስቲ እንጠይቃቸው፤ የስኮትላንድን ቀይ አሸዋ ድንጋይ ማን አናገረው? ሂዩ ሚለር አይደለም እንዴ? የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ የማያውቅ ድንጋይ ጠራቢ! በክሮማርቲ ባሕር ዳርቻ ድንጋይ ሲፈልጥ፣ ራሱና ደረቱ የአጥንት ጥሩር የለበሰ፣ ክንፍ መሳይ ክንድ ያለው ዓሣ አወጣ። ዕድሜው ከ380 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ታላቁ የዓሣ ሊቅ ሉዊ አጋሲ ፍጡሩን በሚለር ስም ጠራው። ሚለርም በ1841 እ.ኤ.አ. ስለዚያው ድንጋይ መጽሐፍ አሳተመ። የተርሶው ሮበርት ዲክስ ማን ነበር? ዳቦ ጋጋሪ! ከቡኮው በተረፈችው ሰዓት በእግሩ እየኳተነ የለቀመውን ለሚለር አካፈለ።

አማተሩንም ቢሆን አናቆላምጠው። ከየትኛው ገደል፣ ከየትኛው ንብርብር እንዳወጣው ሳይጽፍ ዓሣውን ሳሎኑ ውስጥ የሚደረድር፣ ወይም ገበያ አውጥቶ የሚቸረችር ሰው ከምድር መጽሐፍ ገጽ ቀዷል። የወጣበት ቦታ ያልታወቀ ቅሪት ለሳይንስ ግማሽ ዲዳ ነው። የሚለር ስብስብ ግን ዛሬም በኤዲንብራ በስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ ተመራማሪ ይጠይቀዋል፣ ይመልሳል።

እንግዲህ መለኪያችን ይኸው ነው፦ መዝግቧል ወይ? አካፍሏል ወይ? ዲግሪው ሌላ ጉዳይ ነው። መዶሻና ደብተር ይዞ ለሚወጣ ሁሉ መንገድ ልቀቁ!