እናቶቻችንን ቤት የዘጋባቸው በረዶው አይደለም

በየዓመቱ ኅዳር ሲጋመስ ከካናዳ ሁለት ነገር ይመጣልናል። አንደኛው ፎቶ ነው፤ በረዶ የዋጠው መኪና፣ ነጭ የለበሰ ዛፍ፣ እስከ ዓይኑ የተጠቀለለ ዘመድ። ሁለተኛው እሮሮ ነው፤ «ብርዱ ገደለን!» ለፎቶው ልብ እንሰጣለን። ለእሮሮው «አይዟችሁ» ብለን እንጽፋለን። በሆዳችን ግን «እስቲ እኔን ይግደለኝ» የምንለው ብዙ ነን።

ዛሬ የምጽፈው ስለማይላክልን ሦስተኛ ፎቶ ነው። አንድ እናት ነጠላቸውን ተከናንበው በመስኮት ውጭውን እያዩ የተቀመጡበት ፎቶ። ከጎናቸው የልጅ ልጅ ተኝቷል፣ ቴሌቪዥኑ በማያውቁት ቋንቋ ያወራል።

እዚህ ልደታ የትኛውም ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ቆማችሁ ብትጠይቁ «ካናዳ ልጅ ሊያሳድጉ ሄደዋል» የሚባሉ እናት አታጡም። ተመልሰው የመጡትን ደግሞ ስለ አገሩ ጠይቋቸው። አየር ማረፊያውን፣ የልጃቸውን ሳሎንና ቤተክርስቲያኑን ይነግሯችኋል። ከዚያ ወዲያ ካናዳ የለም። ለምን ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ በረዶ ነበር።

አልቀበለውም። በረዶው ሰበብ ነው። በሩን የዘጋው የገዛ ልጃቸው ነው። እዚህ ሆነን «እናቱን ወሰደ፣ ተባረክ!» ብለን ያጨበጨብነው ደግሞ እኛ ነን።

ነገሩን ከሕጉ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ካናዳ ለወላጆችና ለአያቶች «ሱፐር ቪዛ» የሚባል ፈቃድ ጀመረች። ከ2022 ወዲህ አንድ ወላጅ በዚህ ቪዛ ገብቶ በአንድ ጊዜ እስከ 5 ዓመት መቆየት ይችላል። ጋባዡ ልጅ ገቢው በቂ መሆኑን ያሳያል፤ ለወላጁም ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የአንድ ዓመት የጤና መድን ሊኖር ግድ ነው። ሕጉ ጥሩ ነው። ግን መድኑ የሚከፍለው ለሆስፒታል ነው። ሰው ሳያዩ ለሚያልፉ ወራት የሚከፍል መድን የለም። 5 ዓመት ማለት ደግሞ አምስት የበረዶ ወቅት ነው።

እኒህ እናት ከመሄዳቸው በፊት እንዴት ነበር የሚኖሩት? ወር በገባ በአንድ ልደታን ይሳለማሉ። ጽዋ አላቸው፣ እድር አላቸው። ቡና የሚጠራሯቸው ጎረቤቶች አሏቸው፤ ያልጠራቻቸውን የሚቀየሙባት ጎረቤትም አለች። ሰው ሞተ ሲባል የሚሮጡ፣ ሰው ታመመ ሲባል የሚጠይቁ፣ በሰፈሩ ጉዳይ ሁሉ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው። ኤድመንተን ወይም ቶሮንቶ ሲገቡ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይቀራል። በታኅሣሥ ኤድመንተን ላይ ፀሐይ የምትወጣው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። ልጅ በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይመለሳል። ሲወጣ የሚናገራት አንድ ዓረፍተ ነገር አለችው፦ «እማዬ፣ ውጭው በረዶ ነው፣ እንዳትወጪ።»

እማዬ ደግሞ በረዶ ሲባል የሚመጣባቸው ሌላ ነው። በእኛ አገር በረዶ ማለት ከሰማይ እንደ ጠጠር ወርዶ ጤፉን የሚያጨድ፣ ቆርቆሮውን የሚደበድብ መዓት ነው። ከሰማይ እንደ ጥጥ ተንሳፎ የሚወርደውንም፣ ሐይቅ ላይ የሚጋገረውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውንም በዚያው ቃል እንጠራለን። አመዳይ የሚል ቃል ነበረን፤ ከደጋው ሰው በቀር የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። እንግዲህ ልጅየው «በረዶ ነው» ሲላቸው የሚሰሙት «መዓት ወርዷል» የሚለውን ነው። አያስረዳቸውም። እንዳይወጡ ይመቸዋልና።

አሁን የአገሩ ሰው በዚያው በረዶ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ውሃው ሲረጋ ልጆች አካፋ ይዘው ኩሬው ላይ ያለውን አመዳይ ይጠርጋሉ፣ ሁለት ጫማ አስቀምጠው ግብ ይሠራሉ፣ ሆኪ ይጫወታሉ። ዳኛ የለም፣ ትኬት የለም። ኒው ብረንዝዊክ ውስጥ ፕላስተር ሮክ የምትባል ትንሽ ከተማ ከ2002 ጀምሮ በረጋ ሐይቅ ላይ የኩሬ ሆኪ የዓለም ሻምፒዮና ታዘጋጃለች፤ አራት ለአራት ነው፣ በረኛ የለም። ካናዳ በ1994 ባወጣችው ሕግ ሆኪን ብሔራዊ የክረምት ስፖርቷ ብላለች። ቶሮንቶ ከ50 በላይ ሰው ሠራሽ የውጭ የበረዶ ሜዳዎች አሏት፤ አንዱ ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ኦታዋ ውስጥ ሪዶ የሚባለው ቦይ ሲረጋ 7.8 ኪሎ ሜትር የሸርተቴ መንገድ ይሆናል፤ ሕፃን በጋሪ ይገፋበታል። በ2023 ብርዱ በቂ ስላልነበር ቦዩ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይከፈት ቀረ። የከተማው ሰው ምን አለ? አዘነ። እኛ «ብርዱ ገደለን» እያልን ስንጽፍ እነሱ ብርዱ ቀረብን ብለው አዘኑ።

ይህ የተፈጥሮ ጀግንነት አይደለም። ታስቦበት የተሠራ ነው። ኤድመንተን በ2012 «የክረምት ከተማ» የሚል ስልት አጽድቃለች፤ ዋና ሐሳቡ ሰው በዚያ ብርድ ከቤቱ እንዲወጣ ከተማው ምን ማድረግ አለበት የሚል ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ሰው እንዲወጣ ሲጨነቅ የእኛ ልጅ እናቱ እንዳይወጡ ይቆልፋል።

«ይሄ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፣ ለእኛ እናት ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። ይህን የሚል ሰው ገናን ረስቷል። በቆለመመ ዱላ ጥንግ እየመታ፣ ሜዳ ለሁለት ተከፍሎ፣ መንደር ከመንደር የሚፋለመው ማን ነበር? ጌታና ሎሌ እኩል የሚሆኑበት፣ ቢመቱም የማይቀየሙበት ጨዋታ የማን ነው? በተዘጋጀ አዳራሽ የመጀመሪያው የበረዶ ሆኪ ግጥሚያ ሞንትሪያል ላይ የተደረገው በ1875 ነው፤ ያኔ እኛ ዘንድ ገና የአባቶች ጨዋታ ነበር። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 የሚውለው ደግሞ እነሱ ኩሬያቸው በረግቶ በሚጫወቱበት ሰሞን ነው። አንድ እናት ሜዳ ዳር ወስዳችሁ «እማዬ፣ ይኸውልሽ የፈረንጅ ገና» ብትሏቸው ከእናንተ በፊት ይገባቸዋል። ከየትኛው ወገን እንደሚቆሙ ሳይጠየቁ ይመርጣሉ።

በረዶ ለአበሻ አልተፈጠረም ለሚልም መልስ አለ። አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ ላይ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ በበረዶ መንሸራተቻ 15 ኪሎ ሜትር ሄደ። በ2010 ደግሞ እዚያው ካናዳ፣ ቫንኩቨር ላይ፣ ባንዲራችንን ብቻውን ይዞ ገባ። ሜዳሊያ አላመጣም። ግን ቤት አልተቀመጠም።

ዓሣ ማጥመዱንም ልንገራችሁ፤ ለእናቶች ከሆኪው ይልቅ እሱ ይሻላል። ከቶሮንቶ በስተሰሜን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ሲምኮ የሚባል ሐይቅ አለ። ሲረጋ ሰዎች በላዩ ላይ ትንንሽ ጎጆ ይተክላሉ፣ ውስጡ ምድጃ ይለኮሳል፣ በረዶው በመሰርሰሪያ ይበሳል፣ ገመድ ይወርዳል። ከዚያ ምን ይደረጋል? ይቀመጣል። ይወራል። ትኩስ ነገር ይጠጣል። ወገኖቼ፣ ይህ እኮ ዓሣ የገባበት የቡና ሥነ ሥርዓት ነው! በነቢያት ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እንኳ እዚያው ጎጆ ውስጥ መጨረስ ይቻላል።

ተቃውሞው ይገባኛል። በረዶ ያንሸራትታል፤ የሰባ ዓመት ሰው ዳሌ ከተሰበረ ቀላል አይደለም። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲሆንና ነፋስ ሲጨመርበት የተገለጠ ቆዳ በደቂቃዎች ይጎዳል። የቀጠነ በረዶ ሰው ይውጣል፤ የካናዳ ቀይ መስቀል ለብቻ ለመራመድ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ተሰብስቦ ለመጫወት 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይመክራል። ስለዚህ ለእናትህ ደህና ጫማ ግዛ፣ ከሥሩ የሚታሰር ጥርስ ያለው ጎማ ጨምርበት፣ ልብስ ደርበህ አልብሳቸው፣ የከተማው አስተዳደር ያልፈቀደው በረዶ ላይ አትውጣ፣ ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ ጠይቅ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ለስድስት ወር እስር ምክንያት አይሆንም። ነፋስ የሌለበት፣ ፀሐይ የወጣበት ቀንም እኮ በዚያ አገር ብዙ ነው።

«ሁለት ሥራ ነው የምሠራው፣ መቼ ላውጣቸው?» የሚለው ይከብዳል። የቤት ኪራዩን፣ የሚላከውን ብር፣ የምሽት ፈረቃውን እናውቃለን። ግን አንድ ነገር እንቁጠር። እናትየው ሕፃኑን ባይይዙ ለመዋያ የሚከፈል ገንዘብ ነበር። ሕፃኑን ይዘዋል፣ ወጥ ሠርተዋል፣ ልብስ አጥበዋል። በዚህ ሒሳብ በሳምንት አንድ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ዕዳ እንጂ ስጦታ አይደለም። ቶሮንቶ 100 ቅርንጫፍ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አላት፤ መግቢያው ነፃ ነው፣ ውስጡ ይሞቃል። ሐይቁ ቢርቅ እዚያ ውሰዳቸው።

ብርዱ ጥፋተኛ አለመሆኑን የምታምኑበት ሌላ ማስረጃ ደግሞ እዚሁ አለልኝ፤ እዚህ ያለነውም ንጹሕ አይደለንም። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ በሚባልበት አገር፣ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጉልበታቸውን ታመው ደረጃ መውረድ ያቃታቸው ስንት እናቶች አሉ? ከሰፈራቸው ተነሥተው፣ ከእድራቸው ተበትነው፣ በማያውቋቸው ጎረቤቶች መሐል ከመስኮት የተጣበቁ? እነሱንስ የያዛቸው ምን በረዶ ነው? ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደግፎ የሚያወርዳቸው ሰው ስለጠፋ ነው። እዚያም እዚህም ነገሩ አንድ ነው፤ ሽማግሌን ማብላትና ማሳከም ከቻልን ሁሉን የፈጸምን ይመስለናል። ሰው ግን በልቶ ብቻ አይኖርም። ሰው ከሰው ጋር ካልተያየ ጓዳ ውስጥ እንደተረሳ ዕቃ ይሆናል።

ስለዚህ ካናዳ ላላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ የምለው አጭር ነው። በዚህ ገና ከቅዳሴ በኋላ እናቶችን ሰብስባችሁ አንድ የበረዶ ሜዳ ውሰዷቸው። ቡናውን በፔርሙዝ ያዙ፣ ዳቦው አይቅር። እድሮቻችሁም ለቀብር ብቻ አይሰብሰቡ፤ በወር አንድ ቀን የእናቶች መኪና ያዘጋጁ። የመኪና ባለቤት ሞልቷል፣ የጠፋው ተራ ያወጣ ሰው ነው። እዚህ ያለነው ደግሞ ስንደውል «ብርዱ እንዴት ነው?» ማለታችንን እንተው። «እናትህ ዛሬ የት ሄደው ነበር?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ለሦስት ሳምንት «ቤት ናቸው» ከሆነ አይዞህ አንበለው። እንቆጣው።