የተለካ ሕፃን መድኃኒት እንዳያጣ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ መርሳ ሲደርስ ማንጎውንና ብርቱካኑን አይቶ አገሩ ሁሉ የጥጋብ አገር ይመስለዋል። ዳሩ ግን የሀብሩ ወረዳ በመስኖ የሚለማው ቦታ ብቻ አይደለም፤ ከከተማው ወደ ምሥራቅ፥ ወደ አፋር ወሰን ሲወርዱ መሬቱ ቆላ፥ ዝናቡም የማይታመን ስለ ሆነ፥ ማሽላው ባልያዘበት ዓመት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ሕፃኑ ነው። ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚህ ሕፃንና ሕይወቱን ለማዳን ስለሚደክሙት ሴቶች ነው።

ወሎ ስለ ረኃብ ከማንም ይልቅ ያውቃል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የተራበው ሕዝብ ከየቀዬው ወጥቶ በዚሁ አውራ መንገድ ዳር ሲወድቅ፥ ነገሩን በጊዜው ማስታወቅ የሚገባቸው ሹማምንት ሸሸጉት፤ በተሸሸገውም መጠን የሟቹ ቍጥር በዛ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ሕፃን የሚታከመው ወላጆቹ ቤታቸውን ጥለው እንደ ቆረም ወዳለ መጠለያ ሲሰበሰቡ ነበር፤ ከረኃብ የተረፈውንም በመጠለያው መጨናነቅ ምክንያት ኩፍኝና ተቅማጥ ይጨርሰው ነበር።

ይህ አሠራር ዛሬ ተለውጧል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. አንድሬ ብሪያን የተባለ ፈረንሳዊ የሕፃናት ሐኪም ከሚሼል ሌስካን ጋራ ሆኖ፥ ከለውዝ፥ ከወተት ዱቄት፥ ከስኳርና ከዘይት የተለወሰ፥ ቪታሚንና ማዕድን የተጨመረበት ምግብ አዘጋጀ። ውሃ አይገባበትም፥ እሳትም አያሻውም፤ ስለዚህ እናት በቤቷ ለልጇ ልትሰጠው ትችላለች። ሕፃኑን ከቤቱ ሳያወጡ ማከም በአገራችን፥ ይልቁንም በደቡብ ወሎ፥ ከተሞከረ በኋላ፥ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ሕክምናው እስከ ቀበሌ ጤና ኬላ ድረስ ወረደ። ምግቡም በአገራችን ለገጣፎ በሚገኝ ፋብሪካ ይሠራል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ግን በየቀበሌው ሁለት ያህል ብቻ ስለ ሆኑ፥ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕፃናቱን የሚለዩላቸው ከሴቶች ልማት ቡድን የሚወጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ደመወዝ የላቸውም። የራሳቸውን ጕልጓሎና ወፍጮ ትተው፥ በፀሐይ ተጕዘው፥ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለውን ሕፃን ሁሉ በክንድ መለኪያ ይለካሉ። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ሕፃኑ በጽኑ ተጎድቷል ማለት ነው። ሁለቱን እግሮቹን በአውራ ጣት ተጭነው ጎድጕዶ የሚቀር እንደ ሆነም አደጋው ያው ነው። መብላት የሚችለው በየሳምንቱ በጤና ኬላው እየታየ ምግቡን ይወስዳል፤ ትኵሳት የያዘው ወይም መብላት እምቢ ያለው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይላካል።

እንግዲህ ችግሩ ከመለካት በኋላ የሚመጣው ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ድርጅቶች ተዘርፈዋል። በሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ገንዘብ ስላጠረው በኢትዮጵያ የ650 ሺህ ሴቶችና ሕፃናት ሕክምና ሊቋረጥ መሆኑን አስታወቀ። በልግስና የመጣ ነገር ለጋሹ እጁን ባጠፈ ጊዜ እንደሚቀር አስቀድሞ ማወቅ ይገባ ነበር። በጎ ፈቃደኛዪቱ የጎረቤቷን ልጅ ለክታ፥ እናቲቱን ሁለት ሰዓት አስጕዛ፥ ጤና ኬላው ባዶ ሆኖ ቢቆይ፥ በሚመጣው ወር በዚያ ቤት በር ላይ ምን ብላ ትቆማለች?

ስለዚህ ሹማምንቱን ሁለት ነገር እንለምናለን። መጀመሪያው፥ በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት መንግሥት ቃል ገብቷልና፥ ለዚህ ምግብ የሚሆን ገንዘብ ከአገር በጀት ተለይቶ ከክረምቱ በፊት በየወረዳው እንዲከማች ነው። ሁለተኛው፥ የተለካው ቍጥር እንዳለ እንዲላክ ነው። ቍጥሩ የበዛበት ቀበሌ ሰነፍ እየተባለ የሚወቀስ ከሆነ፥ የሚቀጥለው ወር ቍጥር እንደሚያንስ የታወቀ ነው፤ ሕፃኑ ግን አልወፈረም።

የሚታከምበት ምግብ በየሱቁ ሲሸጥ ይታያል ተብሎም ይነገራል። እናቲቱን ሌባ ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን አምስት ልጆች ተርበው ለአንዱ ብቻ ቢሰጣት፥ ለአንዱ ብቻ ማብላት የሚቻላት እናት የት አለች? ልጅዋ በሕክምና ላይ ያለ ቤተ ሰብ በሴፍቲኔት እንዲታቀፍ ቢደረግ ሽያጩ ያለ ዘበኛ ይቀንሳል።

ለካህናቱም የምንለው አለን። ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጾም እንደሌለበት እነርሱ ያውቃሉ፤ በገጠር ያለች እናት ግን ዕቃው እንዳይነካካባት ፈርታ በጾም ጊዜ ወተትና ዕንቍላል ከቤት ታስወጣለች፥ ሕፃኑም ሳያውቀው ይጾማል። የነፍስ አባት በንስሐ ልጁ ቤት ተገኝቶ ለሕፃኑ የተለየ ድስት ይኑረው ቢል፥ ቃሉ ከብዙ ሐኪም ምክር ይልቅ ይሰማል። በሀብሩ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ስለሚኖር፥ ሼሆቹም በረመዳን ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ ሴት ያለውን ፈቃድ በየመስጊዱ ቢያስታውሱ መልካም ነው። ፍልሰታ የሚውለው ጎተራ በሚራቈትበት በነሐሴ ነውና፥ ካህናቱ ይህን ትምህርት ከሰኔ ጀምረው ቢያስተምሩ ጊዜው ይደርሳል።